ከቦሌ ወደ ደለስ፦ የትኛውን በረራ እንምረጥ?

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። ርቀት የሚያሰሉ ድረ ገጾች ይህን ቁጥር ወዲያው ያወጡታል፤ አስከትለውም የበረራ ጊዜው 13 ወይም 14 ሰዓት ነው ይላሉ። ርቀቱ ልክ ነው። ሰዓቱ ግን ከሁለቱ አቅጣጫዎች ለአንደኛው ብቻ የሚሠራ ነው። ከደለስ ተነስቶ ቦሌ የሚያርፍ መንገደኛ 13 ሰዓት ገደማ ይበራል፤ ከቦሌ ወደ ደለስ የሚሄደው ደግሞ በዚያው አየር መንገድ፣ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ተሳፍሮም 17 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

በዚህ መስመር ቲኬት የሚቆርጠው ሰው ብዙ ነው። እናቱን ለማስመጣት የሚሯሯጥ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ አለ፣ ዲቪ ደርሷቸው ልጆች ይዘው የሚወጡ ባልና ሚስት አሉ፣ ለጥምቀት ደርሶ መመለስ የሚፈልግም አለ። አብዛኛው ሰው የሚያወዳድረው ዋጋ ነው፤ ቀጥሎ «ስንት ሰዓት ይፈጃል» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መታየት ያለበት መሬት ላይ የሚባክነው ጊዜ ነው እላለሁ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከቦሌ መነሳት ምን እንደሚመስል ማወቅ ይጠቅማል።

ሲሄዱ ለምን ይረዝማል?

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ማኮብኮቢያው ርዝመቱ ውስን ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገደኛውን፣ ሻንጣውን፣ ጭነቱን እና እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል። አንዱ መቀነስ አለበት፤ የሚቀነሰውም ነዳጁ ነው። አውሮፕላኑ በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ አርፎ ይሞላና ጉዞውን ይቀጥላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለዚህ ሲጠቀምባቸው ከቆዩት ከተሞች መካከል ደብሊንና ሮም ይገኙበታል።

ደለስ ግን ከባሕር ወለል 95 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ የሚነሳ አውሮፕላን ነዳጁን ሞልቶ መንገዱን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ በርሮ፣ በዚያን ጊዜ ለባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች ጄት የርቀት ክብረ ወሰን ሰብሯል። ክብረ ወሰኑ የተሰበረው ከዋሽንግተን ወደዚህ ሲመጣ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ላይ፣ በተለይ በሰሜን አትላንቲክ ሰማይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ይጋፋዎታል፣ ሲመለሱ ይገፋዎታል። በ900 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚበር አውሮፕላን በመንገዱ ሁሉ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢገጥመው፣ በሚሄድበትና በሚመለስበት ጊዜ መካከል ብቻ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ይመጣል። ነፋሱ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ይበረታል። ስለዚህ ከገና በኋላ ወደ አሜሪካ የሚበር ሰው በሐምሌ ከሚበረው ይልቅ ትንሽ ረዘም ላለ ጉዞ ይዘጋጅ።

መንገዶቹ ሲወዳደሩ

በዋናነት አምስት ዓይነት አማራጭ አለ፤ እኔ የማያቸው በሁለት ዓይን ነው፦ ተጨማሪው ርቀት ስንት ነው፣ አውሮፕላን መቀየር አለ ወይ?

የመጀመሪያው ራሱ «ቀጥታ» የሚባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ነው። ከላይ እንዳልኩት ወደ ደለስ ሲሄድ ለነዳጅ ያርፋል፤ ነገር ግን የበረራ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ወንበርዎም ያው ነው፣ ሻንጣዎን ማንም አያወርደውም። አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛው ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ አንድ ሰዓት ገደማ ይጠብቃል። በደብሊን በኩል ሲኬድ መንገዱ ወደ 11,830 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ በሮም በኩል 11,710 ገደማ። ከቀጥተኛው መስመር የሚርቁት በቅደም ተከተል በ270 እና በ150 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ለዚህ ርቀት ከምንም አይቆጠርም። ጠቅላላው ከመነሳት እስከ ማረፍ 17 ሰዓት አካባቢ ነው።

በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል የሚያልፈው መስመርም የዚያው አየር መንገድ ነው። ሎሜ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ስለሆነች ከዚያ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት አያስቸግርም። ርቀቱ ግን ወደ 12,750 ይደርሳል፤ መሃል ላይ የሚወርድና የሚሳፈር መንገደኛ ስላለም ቆይታው ከነዳጅ ማረፊያ ትንሽ ይረዝማል። ዋጋው በግልጽ ካልቀነሰ ወይም ቀኑ ካልተመቸዎት በቀር እኔ በአውሮፓ በኩል የሚያልፈውን እመርጣለሁ።

በሌላ አየር መንገድ በፍራንክፈርት በኩል መሄድ ደግሞ ሰው ከሚያስበው በላይ ለቀጥታው መስመር ቅርብ ነው። ከቦሌ ፍራንክፈርት ወደ 5,350፣ ከፍራንክፈርት ደለስ 6,550፣ ድምሩ 11,900 ኪሎ ሜትር። በአየር ላይ 7 ሰዓትና 9 ሰዓት ገደማ፣ በጠቅላላው 16። ይህ ከ«ቀጥታው» በረራ የአየር ጊዜ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የሚለያያቸው ፍራንክፈርት ላይ የሚቆዩት ሰዓት ነው፤ ሦስት ሰዓት ከሆነ ጉዞው 19 ይሆናል፣ ስምንት ሰዓት ከሆነ 24።

በኢስታንቡል በኩል 12,110፣ በካይሮ በኩል 11,860 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካይሮ ከፍራንክፈርት እንኳ አይረዝምም። ሁለቱም የመጀመሪያው በረራ አጠር፣ ሁለተኛው ረዘም የሚልባቸው ናቸው፤ ከኢስታንቡል ደለስ 11 ሰዓት ያህል፣ ከካይሮ ደግሞ 12 ገደማ ይበራል። ይህ አከፋፈል ለአንዳንድ ሰው ይስማማዋል፦ አጭሩን በረራ ጨርሶ፣ እግሩን አፍታቶ፣ ረጅሙ ላይ እንቅልፉን የሚተኛ ሰው አለ። ሁለት እኩል የሆኑ በረራዎች ግን ሁለቱም ላይ በደንብ ሳያስተኙ ያልቃሉ። በካይሮ በኩል በየቀኑ በረራ ስለማይኖር የጉዞውን ቀን በረራው ራሱ ሊወስንልዎት ይችላል።

በመጨረሻ የባሕረ ሰላጤው መንገድ አለ። ወደ ምዕራብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ መብረር ማለት ነው። በዶሃ በኩል 13,390፣ በዱባይ በኩል 13,870 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከቀጥታው ከ1,800 እስከ 2,300 ኪሎ ሜትር ተጨምሮበታል። የአየር ላይ ጊዜው 18 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 14ቱ ከዶሃ ወይም ከዱባይ ደለስ ድረስ ባለው አንድ በረራ ያልቃሉ። ከዚህም ጋር ብዙ ሰው የሚመርጠው ምክንያት አለው፦ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይወዳደራል፣ አየር ማረፊያዎቹ ሌሊትም ሕይወት አላቸው፣ ባሕረ ሰላጤው አገር ያለ እህት ወይም ወንድም መንገድ ላይ ማግኘት የሚፈልግ ሰውም አለ። ለዚህ የመጨረሻው ጉዳይ እኔም ተጨማሪውን ርቀት አልቆጥረውም።

እንግዲህ ቁጥሮቹን አንድ ላይ ሲያዩዋቸው ከባሕረ ሰላጤው መንገድ በስተቀር ሁሉም በአየር ላይ 16 ሰዓት አካባቢ ናቸው። ስለዚህ የፍለጋ ገጹ የሚያሳየውን ጠቅላላ ጊዜ አይተው ሲወስኑ፣ የሚያወዳድሩት የጥበቃ ሰዓትን ነው። ጥበቃው አጭር ሲሆን ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ በር ላይ ተጨማሪ የሰነድ ምርመራና ጥያቄ አለ፤ ትልልቅ አየር ማረፊያዎች ውስጥ ከአንድ ተርሚናል ወደ ሌላው ባቡር ወይም ረጅም የእግር መንገድ ይኖራል። አንድ ሰዓት ከሩብ የሚል ኮኔክሽን ሕጋዊ ሆኖ ይሸጣል፤ እኔ ግን ለማንም ዘመድ ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች አልቆርጥም። ከስድስት ሰዓት በላይ ደግሞ ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ይከብዳል።

ከሰዓቱ በፊት የሚታዩ ሁለት ነገሮች

አንደኛው የትራንዚት ቪዛ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው፣ እንደ ጀርመን ባሉ የአውሮፓ አገሮች) አየር ማረፊያ ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የአየር ማረፊያ ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ግን ከዚህ ነፃ ነው። ወደ ደለስ የሚሄደው አብዛኛው መንገደኛ ከነፃዎቹ ውስጥ ቢሆንም፣ ቲኬቱን ከመክፈልዎ በፊት የያዙትን ሰነድ ዓይነት ነግረው ከአየር መንገዱ ያረጋግጡ፤ ቦሌ ቼክ ኢን ላይ «መሳፈር አይችሉም» መባል ከየትኛውም የሰዓት ልዩነት የከፋ ነው።

ሁለተኛው የቲኬቱ አንድ መሆን ነው። እስከ ፍራንክፈርት በአንድ ቲኬት፣ ከዚያ በሌላ ቲኬት የሚባል ርካሽ አማራጭ ሲቀርብልዎ፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ ምንም ኃላፊነት የለበትም። ሻንጣዎንም እዚያ ወርደው መቀበልና እንደገና ማስገባት ሊኖርብዎ ነው፤ ለዚህም ወደ አገሩ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። አንድ ቲኬት ከሆነ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የደለስን ኮድ፣ አይ ኤ ዲን፣ ይዞ መውጣቱን ቦሌ ላይ እያሉ ይዩ።

በኒውዮርክ ወይም በኒውአርክ በኩል የሚሸጥ ቲኬትም በዚሁ ዓይን ይታይ። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ያረፉበት ቦታ ላይ ኢሚግሬሽን ያልፋሉ፣ ሻንጣዎን ተቀብለው ጉምሩክ ያሳልፋሉ፣ ከዚያ ለአገር ውስጥ በረራ መልሰው ያስገባሉ። እንግሊዝኛ ለሚችልና ቀላል ሻንጣ ለያዘ ሰው ችግር የለውም። ከኒውዮርክ ዲሲ በመኪና እወስድሃለሁ የሚል ዘመድ ካለም፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ከ17 ሰዓት በረራ በኋላ ይህን ይቁጠሩት። «ዋሽንግተን» ብለው ሲፈልጉ ገጹ ደለስን፣ ሬገንንና ባልቲሞርን፣ ማለትም ሦስት የተለያዩ አየር ማረፊያዎችን፣ ቀላቅሎ እንደሚያመጣም አይርሱ። ቨርጂኒያ ለሚኖር ቤተሰብ ደለስ ይቀርባል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህም የሜትሮ ባቡር እስከ አየር ማረፊያው ይደርሳል።

ለማን የትኛው?

ብቻቸውን ለሚመጡ እናትና አባት ጥያቄም የለው፦ አውሮፕላን የማይቀየርበት ይሁን። ዋጋው ቢጨምርም። አማርኛ የሚሰማቸው አስተናጋጅ አለ፣ በማያውቁት አገር በር ፍለጋ የለም፣ መሃል ላይ አውሮፕላኑ ሲያርፍም ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ነገር ግን መሃል ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ሳያውቁት «ደረስን» ብለው ተነስተው ሻንጣ የሚያወርዱ አሉ። መራመድ የሚያደክማቸው ከሆነ ዊልቸር ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ያስመዝግቡላቸው። ይህ የሚረዳው ለእግራቸው ብቻ አይደለም፤ ዊልቸር የሚገፋው ሠራተኛ ኢሚግሬሽኑን አሳልፎ እስከ መውጫው ያደርሳቸዋል።

ዲቪ ደርሷቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገቡ ቤተሰቦችም ይኸው መንገድ ይሻላል። ደለስ ላይ አዲስ ገቢዎች በተለየ ክፍል ሰነዳቸው እስኪታይ መጠበቅ ይኖርባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያመልጥ ሌላ በረራ አለመኖሩ ትልቅ እፎይታ ነው። ጠዋት የሚያርፍ በረራም ቀኑን ሙሉ ጊዜ ይሰጣል።

መንገድ የለመደ፣ ብቻውን የሚሄድ፣ ዋጋ የሚቆጥር ሰው ፍራንክፈርትንና ኢስታንቡልን አስቀድሞ ይይ፤ የጥበቃው ሰዓት ከሦስት እስከ አምስት ከሆነ ጥሩ ምርጫ ናቸው። የባሕረ ሰላጤውን መንገድ የሚመርጥ ሰው ግን ከሌላው ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ለተጨማሪዎቹ ሰዓታት ይበቃዋል ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ከሁለት ሳምንት ፈቃዱ ሰዓታት የሚሰረቁበት ሠራተኛና ሦስት ወር የሚቀመጥ ጡረተኛ መልሳቸው አንድ አይሆንም።

የአውሮፕላኑንም ዓይነት ይመልከቱ። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ 350 ላይ የመንገደኞች ክፍል የአየር ግፊት የሚስተካከለው በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን አየር እንዲመስል ተደርጎ ነው፤ ይህ ከአዲስ አበባ መሬት ዝቅ ያለ ነው። በቀደሙት አውሮፕላኖች እስከ 2,400 ሊደርስ ይችላል። በረጅም በረራ ላይ ድካሙ ይለያል።

ቲኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ማንበብ

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁሉ የየከተማው ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ከእኛ ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ በ7 ሰዓት፣ በቀሪዎቹ ወራት በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ለምሳሌ በሐምሌ ከቦሌ 22:15 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ደለስ የሚያርፍ በረራ ወረቀቱ ላይ 10 ሰዓት የማይሞላ ይመስላል፤ 7 ሲጨመርበት 16 ሰዓት ከ45 ይሆናል። ሲመለሱ ከደለስ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ የሚያርፈው ደግሞ 20 ሰዓት ይመስላል፤ 7 ሲቀነስ 13 ብቻ ነው። አጭሩ ጉዞ በወረቀት ላይ ረጅሙን መስሎ ስለሚታይ ሁለት በረራ ሲያወዳድሩ የሚያዩት «ጠቅላላ የጉዞ ጊዜ» የሚለውን እንጂ የመነሻና የመድረሻውን ልዩነት አይሁን።

ከዚህ የሚብስ ስህተት አለ። 22:15 በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:15 ነው፤ 18 መቀነስ ብቻ ነው፣ ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። አደገኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳው በረራ ነው። ቲኬቱ «ሐሙስ 00:40» ካለ በእኛ አነጋገር ረቡዕ ሌሊት 6:40 ማለት ነው፤ ወደ ቦሌ የሚወጡት ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣ ጭኖ የሚሄድ ሰው ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ምንም አይቀረውም። ለቤተሰብ ቲኬት ሲልኩ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፈው አብረው ይላኩ።

ሲመለሱ

ደርሶ መልስ ሲቆርጡ ሁለቱን አቅጣጫ በአንድ ሚዛን አይመዝኑ። ከደለስ ወደ ቦሌ ሳያርፍ የሚመጣው የ13 ሰዓት በረራ ተወዳዳሪ የለውም፤ በፍራንክፈርት በኩል ከጥበቃው ጋር ከ18 ሰዓት በታች ማግኘት ይከብዳል። ሲሄዱ ግን ልዩነቱ ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጀቱ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ከበቃና አየር መንገዶችን ቀላቅሎ መቁረጡ ካላስወደደ፣ ለቀጥታው በረራ የሚከፍሉትን ተጨማሪ ብር ለመመለሻው ያድርጉት። ሦስትና አራት ቀን ለለቅሶ ወይም ለሠርግ የሚመጣ ሰው ይህን በተለይ ያስብበት።

ወደ አሜሪካ ሲሄዱ በየትኛውም መንገድ ቢሆን በርበሬውና ሽሮው ከሥር በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ወደ አሜሪካ በሚነሳው በረራ በር ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ በኮኔክሽን ለሚሄድ ሰው ይህ የሚሆነው ሻንጣው ከእጁ ከወጣ በኋላ፣ ፍራንክፈርት ወይም ዶሃ ላይ ነው። ቋንጣ ደግሞ ጭራሽ አይያዝ፤ የሥጋ ውጤት ደለስ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል።